ተማሪ ሸቀጥ አይደለም
የትምህርት ቤቶች የእግር ኳስ ዝውውርና ፍትሐዊ ውድድር ከመተማ ቆላ ተጨባጭ ሁኔታ አንጻር

ስፖርት ከኅብረተሰቡ ኑሮ ተነጥሎ የሚታይ ነገር አይደለም። በአንድ አገር ውስጥ ሀብት እንዴት እንደተከፋፈለ፣ ሰው ከሰው ጋር ያለው የሥራ ግንኙነት ምን እንደሚመስልና የሕዝቡ ንቃት የት እንደደረሰ በፋብሪካውና በእርሻው ላይ እንደሚነበብ ሁሉ በኳስ ሜዳም ላይ ይነበባል። ስለሆነም «የልጆች ጨዋታ ነው» ተብሎ በቀላሉ የሚታለፈውን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የእግር ኳስ ውድድር ጠለቅ ብለን ስንመረምረው፣ ማን ዘርቶ ማን እንደሚያጭድ በግልጽ የሚያሳይ መስተዋት ሆኖ እናገኘዋለን።

ትምህርት ቤቶች በሚወዳደሩበት ስፍራ ሁሉ ከዳኛው ፊሽካ አስቀድሞ የሚሰማ አንድ ክርክር አለ። «ይህ ልጅ በእርግጥ የእናንተ ተማሪ ነውን? ባለፈው ዓመት የት ነበር? መሸኛውን ማን ሰጠው? ዕድሜውስ ስንት ነው?» የሚል ክርክር ነው። ነገሩ በሁለት ርእሳነ መምህራን ንትርክ ይጀምርና በወረቀት ብዛት ይዳፈናል። ወረቀት ያሟላ ይጫወታል፤ ያላሟላ ይወጣል። ወረቀቱን ለማሟላት አቅም ያለው ማን እንደሆነ፣ ልጁ ከውድድሩ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ፣ ኮትኩቶ ላሳደገው ትምህርት ቤት ምን እንደሚቀረው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ የምናነሣው ይህንኑ ሳይጠየቅ የቀረ ጥያቄ ነው።

ለምርመራችን የመረጥነው ስፍራ በምዕራብ ጎንደር የሚገኘው የመተማ ቆላ ነው። የመረጥንበትም ምክንያት በዚያ ምድር ከቦታ ወደ ቦታ መዘዋወር ራሱ የኑሮ ሕግ በመሆኑ ነው። በቆላው ላይ በትክክል የሚሠራ ደንብ በሌላውም ስፍራ ይሠራል። በቆላው ላይ የሚሰበር ደንብ ግን ከመጀመሪያውም ድሃውን ሳያስብ የወጣ ደንብ ነው።

የቆላው ተጨባጭ ሁኔታ

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በጭልጋ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ ደጋውን ጨርሶ ሙቀቱ ወደሚበረታበት ሜዳ ይገባል። በገንዳ ውኃና በኮኪት አልፎ መተማ ዮሐንስ ሲደርስ የሱዳን ድንበር ላይ ያበቃል፤ ከማዶ የምትታየው ከተማ ገላባት ናት። በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከማህዲስቶች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ሕይወታቸው ያለፈው በዚህ ምድር ነው፤ ከተማዋም ስማቸውን ይዛ ቀርታለች።

የቆላው ኑሮ የቆመው በሰሊጥ፣ በጥጥና በማሽላ ላይ ነው። ሰሊጥ ደግሞ የሰው እጅ የሚሻ ሰብል ነው። በክረምት ለአረም፣ ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ ለአጨዳ ብዙ ሺሕ የቀን ሠራተኛ ከደጋው ይወርዳል። የደረሰ ሰሊጥ በወቅቱ ካልታጨደ ፍሬው ተከፍቶ ዘሩ መሬት ላይ ስለሚረግፍ አጨዳው ቀጠሮ አይሰጥም። በዚያ ሰሞን የገበሬውና የቀን ሠራተኛው ልጅ የሚገኘው በክፍል ውስጥ ሳይሆን ከወላጁ ጋር በእርሻው ላይ ነው። ይህን እውነት ወደ ኋላ ስለምንመለስበት አንባቢ ልብ ብሎ እንዲይዝልን እንፈልጋለን።

ዝውውሩ በዚህ አያበቃም። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በተካሄደው የሠፈራ ፕሮግራም ከደጋው የተነሡ ቤተሰቦች በመተማና በቋራ ሠፍረዋል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ብዙ ሺሕ ሰዎች በመተማ ዮሐንስ በኩል ተሻግረው ገብተዋል፤ ከመካከላቸውም ለትምህርት የደረሱ ልጆች ነበሩ። በዚያው ዓመት ማብቂያ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶችን አዘግቶ ብዙ ተማሪዎችን ከትምህርት ገበታ ለይቷል። የቻለው ተማሪ ዘመድ ፍለጋ ትምህርት ወደተከፈተበት ከተማ ሄዷል።

እንግዲህ በዚህ ምድር «ተማሪው ተዘዋውሮ የመጣ ነው» የሚለው ቃል በራሱ የክስ ቃል ሊሆን አይችልም። ማንም ዝውውር በጅምላ ይከልከል ቢል የሚከለክለው የተፈናቀለውን፣ የሠፈረውንና ለእንጀራ የወረደውን ሰው ልጅ ነው። በሌላ በኩል ዝውውር ሁሉ ይፈቀድ የሚል ደግሞ ገንዘብ ላለው መልማይ በር ይከፍታል። መሠረታዊው ቅራኔ ይኸውና በዚህ ላይ ነው።

ለኑሮ መዘዋወርና ለዋንጫ መወሰድ

ነገሩን በምሳሌ እንየው። በእርሻ መንደሮች መካከል ያለ አንድ ትምህርት ቤት ይኑር እንበል። ሜዳው ጠጠር የበዛበት ነው፤ ጎሉ ሁለት የእንጨት ቋሚ ነው፤ ለመላው ትምህርት ቤት ያለው ኳስ አንድ ወይም ሁለት ነው። የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ሌላም ትምህርት ደርቦ ያስተምራል። ያም ሆኖ ሦስት ዓመት ሙሉ ከክፍል በኋላ ልጆቹን እየሰበሰበ ቡድን ይሠራል። ቡድኑም በወረዳው ውድድር ጥሩ ሆኖ ይታያል።

ብዙም ሳይቆይ ከአንድ የከተማ ትምህርት ቤት የተላከ ሰው የአጥቂውን ልጅ ቤት ያንኳኳል። የሚያቀርበው ነገር ብዙ አይደለም፤ ጥንድ ታኬታ፣ የደንብ ልብስ፣ የጥቂት ወራት የቤት ኪራይና ልጁ በከተማው ከአክስቱ ዘንድ እንደሚኖር የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤ ነው። በቀን ሥራ ለምታድር እናት ግን ይህ ከባድ ሸክም የሚያቃልል ስጦታ ነው። እምቢ ማለት አትችልም፤ ልንወቅሳትም አይገባም። መሸኛው በዓመቱ መካከል ይወጣል፤ ልጁም አዲስ ማልያ ይለብሳል።

ውድድሩ ሲያበቃ ኪራዩም ያበቃል። የልጁ ጉልበት ከተጎዳ ደግሞ ከዚያም አስቀድሞ ይቋረጣል። ወደ መንደሩ ቢመለስ ዓመቱ ባክኗል፤ በከተማው ቢቀር የሚያበላው የለም። በመንደሩ ትምህርት ቤት የቀሩት አሥር ልጆች ደግሞ ጎበዝ መሆን ማለት ከመካከላቸው ተመርጦ መሄድ እንደሆነ ተምረዋል። መምህሩም የሦስት ዓመት ድካሙ ያለ አንዳች ዋጋ ተወስዶበታል።

ብዝበዛ ማለት ሌላ አይደለም። አንዱ በሠራው ሌላው ሲጠቀምበትና ሠሪው ከውጤቱ ሲገለል ብዝበዛ ይባላል። ሌላው ባረመው ሰሊጥ የራሱን ጎተራ የሚሞላ ሰው በገበሬው ዘንድ ምን ስም እንዳለው የቆላው ሕዝብ ያውቃል። ዋንጫውን በከተማው አደባባይ ይዞ የሚዞረው ትምህርት ቤትም ከዚህ ስም ሊያመልጥ አይችልም። ከሁሉም የከፋው ግን በዚህ ንግድ ላይ ዕቃ ሆኖ የሚቀርበው ገና ያልጎለመሰ ልጅ መሆኑ ነው።

«ልጁ የተሻለ ዕድል ቢያገኝ ምን ይጎዳል?» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ይህ ጥያቄ በንቀት የሚታለፍ አይደለም። የተሻለ ቤተ መጻሕፍት፣ የተሻለ ቤተ ሙከራና የተሟላ መምህር ወዳለበት ለመሄድ መፈለግ የማንኛውም ተማሪ መብት ነው። የኳሱ መንገድ ጠባብ እንደሆነ ሁሉ የትምህርቱም መንገድ ሰፊ አይደለም። የ2014 የትምህርት ዘመንን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 896 ሺሕ ያህል ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺሕ እንኳ አልሞሉም፤ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህ ዓይነት ፈተና ላይ ለሚቀመጥ ልጅ የአንድ ዓመት መባከን ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ጥያቄው ልጁ ይሂድ ወይስ አይሂድ የሚለው ሳይሆን፣ ለትምህርቱ ሄደ ወይስ ለሌሎች ዋንጫ ተወሰደ የሚለው ነው። ለትምህርቱ የሄደ ከሆነ ውድድሩ ካበቃ በኋላም በክፍሉ ተቀምጦ ይገኛል። መልማዩ ትምህርት ቤት የልጁን ቦርሳ ወይም የልጁን እግር መፈለጉ የሚታወቀው በዚያን ጊዜ ነው።

እኩል የሚመስሉ ደንቦች

የዝውውርን ችግር ለመፍታት በመጀመሪያ የሚታሰበው ነገር የቀን ገደብ ነው። እስከ መስከረም ማብቂያ ያልተመዘገበ ተማሪ በዚያ ዓመት ለትምህርት ቤቱ አይጫወትም የሚል ደንብ ቢወጣ፣ ሲያዩት ለሁሉም እኩል ይመስላል። ነገር ግን በመስከረምና በጥቅምት በሰሊጥ አጨዳ ላይ ያለው ማን ነው? የነጋዴው ልጅ በሰዓቱ ተመዝግቧል። የቀን ሠራተኛውና የገበሬው ልጅ ግን ነዶ ሲያስር ቀኑ ያልፍበታል። ደንቡ የማንንም ስም ሳይጠራ አንዱን ወገን ከሜዳ ያወጣል። ሕግ በቃሉ እኩል ሆኖ በውጤቱ ወገንተኛ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሁለተኛው የዕድሜ ጉዳይ ነው። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ በ2004 ዓ.ም. ቢወጣም፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ይህ ማለት ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ የሚማሩት ወጣቶች የተወለዱት ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት ነው ማለት ነው። ዕድሜያቸው የሚታወቀው በወላጅ ቃልና በቀበሌ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ ደግሞ ጸሐፊ ጽፎት ማኅተም የሚያርፍበት ወረቀት ነው፤ የውድድር ዋዜማ ደግሞ ማኅተም የሚበዛበት ወቅት ነው። የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፊፋ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2009 ከ17 ዓመት በታች በሆኑት የዓለም ዋንጫ ተጫዋቾች ላይ የእጅ አንጓ አጥንት የሚያሳይ የኤም አር አይ ምርመራ የጀመረው ወረቀት ብቻውን አላስተማምን ቢለው ነው። በመተማ ቆላ ላለ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለው መሣሪያ የማይታሰብ ነው። ቢሆንም ከማንኛውም ማሽን የማይተናነስ አንድ መሣሪያ በእጃችን አለ፤ እርሱም ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ የተያዘው የክፍል መዝገብ ነው። ማንም ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ ለሚደረግ ጨዋታ ብሎ የ1ኛ ክፍል መዝገብ አያጭበረብርም።

ሦስተኛው የድንበር ጉዳይ ነው። ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ የመጣ ልጅ መዝገቡ በካርቱም ወይም በገዳሪፍ ቀርቷል። «ማስረጃ አምጣ» ማለት «አትጫወት» ማለት ነው። ከዋንጫ ይልቅ ሰው የሚቀድም ከሆነ ለዚህ ልጅ በሩ ሊከፈት ይገባል። ስደተኛነቱን ምክንያት አድርገው ሃያ ዓመት የሞላውን ጎልማሳ በመካከል ሊያስገቡ የሚፈልጉ ሲኖሩ ግን ልጁን ሳይሆን አምጪውን መመርመር ተገቢ ነው።

ከሌሎች አገሮች ልምድ ምን እንማራለን?

ዘመናዊው እግር ኳስ ተጫዋችን እንደ ሸቀጥ በዋጋ የሚገዛና የሚሸጥ ትልቅ ንግድ እንደሆነ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ንግድ ራሱ በሕፃናት ላይ ገደብ ለማበጀት ተገዷል። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በዝውውር ደንቡ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑትን የሚጠብቅ ድንጋጌ አስገብቷል። በመሠረቱ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር አይዛወርም። ወላጆቹ ከእግር ኳስ ጋር ግንኙነት በሌለው ምክንያት አገር ከለወጡ ግን ይፈቀድለታል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ደንቡ የሚጠይቀው ሄደ ወይ ብሎ ሳይሆን ለምን ሄደ ብሎ መሆኑ ነው።

ከዚህም በላይ መተማን በቀጥታ የሚመለከት አንቀጽ አለ። ልጁ ከድንበሩ በ50 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚኖር፣ የሚጫወትበትም ክለብ ከድንበሩ ማዶ በ50 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚገኝ ከሆነ፣ ልጁም ከቤቱ ሳይለይ የሚመላለስ ከሆነና የሁለቱም አገሮች ፌዴሬሽኖች ከተስማሙ ይፈቀድለታል። የደንቡ አውጪዎች የድንበር ሕዝብ ኑሮ በካርታ መስመር እንደማይቆረጥ ተረድተዋል ማለት ነው። በመተማ ዮሐንስና በገላባት መካከል ያለው ርቀት ደግሞ በእግር የሚሄዱት ነው።

ይህ ድንጋጌ በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2014 ባርሴሎና፣ በ2016 ደግሞ ሪያል ማድሪድና አትሌቲኮ ማድሪድ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ተጫዋቾችን በማስመዝገብ ረገድ ደንቡን ጥሰዋል ተብለው አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግቡ ቅጣት ተወስኖባቸዋል። ዓለም የሚያውቃቸው ትልልቅ ክለቦች ከተቀጡ፣ «እኛ ትንሽ ትምህርት ቤት ነን» የሚለው ማመካኛ አያዋጣም።

በአሜሪካ በየግዛቱ ያሉ የትምህርት ቤት ስፖርት ማኅበራት ቤተሰቡ መኖሪያ ሳይለውጥ ትምህርት ቤት የለወጠ ተማሪ ለተወሰነ ጊዜ እንዳይሰለፍ የሚያደርግ ደንብ ይዘው ኖረዋል። በቅርብ ዓመታት ግን የተወሰኑ ግዛቶች አንድ ጊዜ በነጻ መዛወርን ፈቅደዋል። በኡጋንዳ ኳስ ለሚችል ተማሪ የትምህርት ክፍያ ነጻ የሚያደርጉ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ቅድስት ማርያም ኪተንዴ የተባለው ትምህርት ቤትና ቫይፐርስ የተባለው ክለብም በአንድ ባለሀብት ሥር ያሉ ናቸው። ለልጁ የትምህርት ዕድል መሆኑን አንክድም፤ አቅም የሌለው የገጠር ትምህርት ቤት ግን ከእንዲህ ያለው ጋር በእኩልነት ሊወዳደር አይችልም።

የሶሻሊስቱ ዓለም ልምድም ከሂስ ነጻ አይደለም። ምሥራቅ ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ ተሰጥኦ ያላቸውን ልጆች እየመረጠች በልዩ የስፖርት ትምህርት ቤቶች ታሠለጥን ነበር። ምልመላው የግል ነጋዴ እጅ አልነበረበትም። ነገር ግን ሜዳሊያ ከልጁ ጤና በላይ ሲሆን፣ መንግሥት ራሱ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች አበረታች መድኃኒት ወደ መስጠት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2000 የዚያች አገር የስፖርት ኃላፊ የነበሩት ማንፍሬድ ኤዋልድ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለዋል። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ልጅን የዋንጫ መሣሪያ ማድረግ በገንዘብም ይምጣ በባንዲራ ስም፣ ያው አንድ ጥፋት ነው።

የራሳችን ታሪክ የሚናገረው

በዚህ ጉዳይ ላይ አገራችን ባዶ እጇን አይደለችም። በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የተማሩት፣ ለቅዱስ ጊዮርጊስ የተጫወቱትና በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ ቡድኑን ለድል ካበቁት መሪዎች አንዱ የሆኑት ይድነቃቸው ተሰማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። በዚያ ዘመን ለዓመታት ጸንቶ የቆየ አንድ ደንብ ነበር። አንድ ብሔራዊ ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ላይ ከአህጉሩ ውጭ የሚጫወቱ ከሁለት የበለጡ ተጫዋቾችን ማሰለፍ አይችልም ነበር። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1982 ተነሥቷል። መነሣቱ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። የሐሳቡ ፍሬ ነገር ግን ለእኛ ይጠቅመናል። ከሌላ ስፍራ የሚመጣውን ሙሉ በሙሉ ሳይከለክሉ በቁጥር መገደብና በቤቱ ያደገው ልጅ ቦታ እንዲያገኝ ማድረግ ይቻላል።

ሌላው ልምድ የቅርብ ጊዜ ነው። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺሕ ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ። አብዛኞቹ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት ድርጅቶች ገንዘብ ስለሆነ፣ ማለትም ገንዘቡ የሕዝብ ስለሆነ፣ ገደብ ማበጀቱ ተገቢ ነበር። ከውል ውጭ ስለሚከፈል ገንዘብ የሚሰማው አቤቱታ ግን ከዚያም በኋላ አላባራም። ሒሳብ በአደባባይ ካልታየ ጣሪያ ማበጀት ብቻውን ከንቱ መሆኑን ይህ አስተምሮናል።

የፋሲል ከነማ ቡድን በ2013 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ወደ ጎንደር ሲያመጣ የቆላው ወጣትም እንደራሱ ድል ቆጥሮታል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ2022 የአህጉሩን የትምህርት ቤቶች ሻምፒዮና ጀምሯል፤ የመጀመሪያው አህጉራዊ ማጠቃለያ በሚያዝያ 2023 በደቡብ አፍሪካ ደርባን ሲካሄድ ለአሸናፊ ትምህርት ቤት የተመደበው ሽልማት 300 ሺሕ ዶላር ነበር። ገንዘቡ ለትምህርት ቤት ማሻሻያ መታሰቡ መልካም ነው። ነገር ግን ሽልማቱ በከፍተኛ መጠን ባደገ ቁጥር የመልማዩም እግር ወደ መንደሩ ትምህርት ቤት እንደሚፈጥን ማወቅ አለብን። ደንብ ማበጀት የሚገባው ገንዘቡ ከመድረሱ በፊት ነው።

የችግሩ ሥር

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ቅርንጫፉን የሚመለከት ነው። ሥሩ ያለው በትምህርት ቤቶች መካከል ባለው የአቅም ልዩነት ነው። አጥር ያለው ሜዳ፣ መረብ ያለው ጎል፣ ለሥራው የተመደበ የሰውነት ማጎልመሻ መምህርና በቂ ኳስ በአንዱ ትምህርት ቤት ሲኖር፣ በሌላው ደግሞ ከእነዚህ አንዱም ሳይኖር፣ ሁለቱን በአንድ ሜዳ ላይ አቁሞ «እኩል ተወዳደሩ» ማለት ፍትሕ አይደለም። ልጁ ከመንደሩ የሚወጣው መልማዩ ስለጠራው ብቻ ሳይሆን መንደሩም የሚያስቀረው ነገር ስለሌለው ነው። በግጭት ምክንያት የተዘጋ ትምህርት ቤት ደግሞ ተማሪውን ሊያስቀር ቀርቶ ራሱም መቆም አልቻለም። በከተማ ያለው ትምህርት ቤት የተዘጋውን ትምህርት ቤት ቡድን እንዳለ ወስዶ «ጠነከርን» ቢል፣ የሌላውን ቤት ቃጠሎ ለመሞቅ እንደ መቀመጥ ይቆጠራል። ልጆቹን ተቀብሎ ማስተማር ግዴታው ነው፤ በእነርሱ ስም መኩራራት ግን መብቱ አይደለም።

እኛ የጋዜጣ ሰዎችም ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለንም። ዋንጫ ያነሣውን ትምህርት ቤት ስም በትልቁ ስናትም፣ ልጆቹ የት ተወልደው በማን እጅ እንዳደጉ የጠየቅንበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሂስ ለሌላው ብቻ የሚሰነዘር ሳይሆን ለራስም የሚሆን ስለሆነ ይህን ማመን ይገባናል።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ውሳኔው ከሁለት ርእሳነ መምህራን ጠረጴዛ ወጥቶ ወደ ሕዝቡ መምጣት አለበት። በየትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረት አለ፤ በየቀበሌውም የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አለ። ተጫዋች የሆነ ተማሪ ሲዛወር የላኪውና የተቀባዩ ትምህርት ቤት ኅብረቶች ተወካዮች በአንድነት ተቀምጠው «ይህ ልጅ ለምን መጣ?» ብለው ይመርምሩ። ውሳኔያቸውም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ጎረቤት የሚያነበውን ወረቀት ማጭበርበር ቀላል አይደለም፤ ማን ከማን አክስት ዘንድ እንደሚኖር የሚያውቀው ጎረቤት ነውና።

ሁለተኛ፣ ቤተሰቡ ተዛውሮ፣ ተፈናቅሎ፣ ተሰድዶ ወይም ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበት የመጣ ተማሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይጫወት። የአጨዳው ወቅት እስኪያበቃ ድረስም የምዝገባ በር በቆላው አይዘጋ። በራሱ ምርጫ የመጣ ተማሪም ይማር፣ ይለማመድ፤ ነገር ግን አንድ ትምህርት ቤት በአንድ ጨዋታ ላይ ከእንዲህ ያሉት ከሁለት በላይ አያሰልፍ።

ሦስተኛ፣ በጥቅም ተታሎ የመጣ ልጅ ሲገኝ ቅጣቱ በልጁ ላይ አይውረድ። ትምህርት ቤቱ ነጥቡን ይጣ፤ መልማዩ ከውድድር ይታገድ። ለልጁ የተገባው ቃል ግን፣ ኪራይም ቢሆን የደንብ ልብስ፣ 12ኛ ክፍል እስኪጨርስ እንዲከበር ይገደዱ። አታላይን የሚያስፈራው ልጁን መከልከል ሳይሆን የገባውን ቃል እስከ መጨረሻው መክፈል ነው።

አራተኛ፣ ያሳደገው ትምህርት ቤት ድርሻውን ያግኝ። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት ከአንድ የዝውውር ክፍያ 5 በመቶው ተጫዋቹን ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። በፌዴሬሽን ያልተመዘገበ የመንደር ትምህርት ቤት ግን ከዚህ አንዳች አይደርሰውም። እኛ በአቅማችን ይህንኑ መርሕ መከተል እንችላለን። ተጫዋች የተቀበለ ትምህርት ቤት ለላኪው ኳስ፣ መረብ ወይም የስፖርት ልብስ ይስጥ። በተጫዋቹ ቴሴራ ላይም ያሳደገው ትምህርት ቤት ስም ይጻፍ፤ ያሠለጠነው መምህርም በሽልማቱ ቀን በስሙ ይጠራ።

አምስተኛ፣ ይህ ሥራ የመምህራን ብቻ አይደለም። በብየዳ ሥራ የተሠማራ ሠራተኛ በአንድ ቅዳሜ ጎል ሊበይድ ይችላል። የሾፌሮች ማኅበር የገጠሩን ቡድን ወደ ውድድሩ ስፍራ ሊያደርስ ይችላል። የቀበሌ ኗሪዎች ተባብረው የጠጠሩን ሜዳ በአንድ ቀን ዘመቻ ሊለቅሙ ይችላሉ። ከደጋ የወረደ የቀን ሠራተኛ ልጅ የሚማረው እነርሱ በሚኖሩበት ቀበሌ ውስጥ ስለሆነ፣ ልጁ የእነርሱም ልጅ ነው።

በማጠቃለል፣ ውድድር ፍትሐዊ የሚሆነው ሁሉም ከአንድ መስመር ሲነሣ ብቻ ነው። ከመንደሩ የተወሰደ አጥቂ ያስገባው ጎል በውጤት ሰሌዳው ላይ ይመዘገባል፤ በመንደሩ የቀሩት የአሥሩ ልጆች ተስፋ መቁረጥ ግን በየትኛውም ሰሌዳ ላይ አይመዘገብም። ይህን የሚመዘግብና የሚጠይቅ የነቃ ወላጅና የተደራጀ ኗሪ ነው። ስለሆነም በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ ዋንጫው ሪፖርት ሲቀርብ፣ ከማጨብጨባችን በፊት አንድ ጥያቄ እናንሣ፦ ባለፈው ዓመት ለእኛ የተጫወተው ልጅ ዛሬ የት ነው፤ በስንተኛ ክፍልስ ይማራል?